የጠበቃ ቢሮ ጸሓፊ ሥራ፤ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት

ንግድ ባለበት ሁሉ ዱቤ አለ፤ ዱቤም ባለበት አንዳንድ ጊዜ ክርክር ይነሣል። ነጋዴ ክርክር በገጠመው ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ደኅና ጠበቃ ማን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጠበቃው ክፍል በፊት ባለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ስልክ የምትቀበለውን፣ ወረቀት የምትለየውንና ቀጠሮ የምትመዘግበውን ሠራተኛ ልብ ብሎ የሚመለከታት ጥቂት ሰው ነው። ብዙዎች ባለጕዳይን ከማስገባትና ከማስወጣት በቀር ሌላ ሥራ ያላት አይመስላቸውም። በእውነቱ ግን በፍርድ ቤት የሚረታ ሰው፣ ማስረጃውን ሕግ በወሰነው ቀን ያቀረበ ሰው ነው፤ ቀኑንም ማስረጃውንም በእጅዋ የምትይዘው ይህችው ጸሓፊ ናት። እርስዋ አንድ ቀን ብትስት፣ እውነት የያዘ ነጋዴ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጸሓፊዋን ሥራ በተራ እናስረዳለን። ዓላማችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ነጋዴው ወደ ጠበቃ ሲሄድ ምን ይዞ መቅረብና ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። ሁለተኛው፣ በገዛ ሱቁና በመጋዘኑ ያለውን ወረቀት በዚያው ሥርዓት እንዲይዝ ነው። ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እንከተል። አንድ የቤት ክዳን ቆርቆሮ አስመጪ ለአንድ ባለሱቅ 480,000 ብር የሚያወጣ ቆርቆሮ በዱቤ ሸጠለት እንበል። ባለሱቁ የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ 80,000 ብር ብቻ ከፍሎ የቀረውን 400,000 ብር ከለከለ። አስመጪው ብዙ ታግሦ በመጨረሻ ወደ ጠበቃ ሄደ።

1ኛ፤ የጸሓፊዋ ሥራና ወሰኑ

ይህች ሠራተኛ ዛሬ በብዙ ቦታ ሴክሬታሪ ወይም የአስተዳደር ረዳት ትባላለች። ሥራው የወንድም የሴትም ነው፤ እኛ ግን ለአጻጻፍ እንዲቀል «ጸሓፊዋ» እያልን እንቀጥላለን። በአገራችን ብዙ ጠበቆች ለረዥም ዘመን የሠሩት ለየብቻቸው፣ አንድ ጸሓፊና አንድ ተላላኪ ይዘው ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 1249 ግን ጠበቆች ተባብረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። በአንድ ቢሮ ብዙ ጠበቆች ሲሠሩ የጸሓፊዋ ኀላፊነት ይከብዳል፤ በአንድ ጧት በሁለት ችሎት የሚውል ቀጠሮ ሊገጥም ስለሚችል፣ የማን መዝገብ፣ በየትኛው ምድብ፣ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለይታ ማወቅ አለባት።

የሥራዋም ወሰን የታወቀ መሆን አለበት። ጸሓፊዋ የሕግ ምክር አትሰጥም፤ «ትረታለህ» ወይም «ትረታለህ ብዬ አላስብም» አትልም፤ በጠበቃው ስም አትፈርምም። ባለጕዳይ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቢጠይቃት «ይህን ጠበቃው ይመልሱልዎታል» ማለት ትክክለኛው መልስ ነው። እንዲህ ስትል የሰማ ነጋዴ ሥራዋን የማታውቅ አይምሰለው፤ ሥራዋን የምታውቅ መሆንዋ በዚሁ ይታወቃል።

2ኛ፤ መዝገብ ስለ መክፈት

አስመጪው ወደ ቢሮው ሲገባ ጸሓፊዋ አስቀድማ የምትጠይቀው የባለዕዳውን ስም ነው። ምክንያቱም ያ ባለሱቅ ከዚህ በፊት የዚያው ቢሮ ደንበኛ የነበረ እንደ ሆነ፣ ጠበቃው በሁለት ወገን ቆሞ እንዳይገኝ መዝገቡን መርምራ ለጠበቃው ማስታወቅ ስላለባት ነው። ይህ ምርመራ ሳይደረግ የጕዳዩን ምስጢር መዘርዘር ለአስመጪውም አይበጅም።

ቀጥሎ የሚመጣው የስም ማጣራት ነው። በሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ስም አንድ፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ነውን? ወይስ ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው? ማኅበሩ ተበድሮ ሥራ አስኪያጁን በግሉ የከሰሰ ሰው፣ «ዕዳው የእኔ አይደለም» የሚል መቃወሚያ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጸሓፊዋ በደረሰኙ ላይ ያለውን የንግድ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ፊደል በፊደል፣ አኀዝ በአኀዝ ታመሳክራለች።

ከዚህ በኋላ ውክልና ይመጣል። ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ውክልና ሰጪው ማኅበር የሆነ እንደ ሆነም የሥራ አስኪያጁን ሥልጣን የሚያስረዳ ወረቀት ይፈለጋል። የዳኝነት ገንዘብም በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ተሰልቶ ክሱ ሲቀርብ ይከፈላል። አስመጪው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አንድ ወረቀት ፍለጋ ሦስትና አራት ጊዜ ከመመላለስ ይድናል።

3ኛ፤ ስለ ቀን አቈጣጠር

የጸሓፊዋ ዋና ሥራ እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1845፣ ሌላ ሕግ ካልወሰነ በቀር ከውል የሚነሣ ክስ በ10 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ነጋዴ ይህን ሰምቶ «ገና ብዙ ጊዜ አለኝ» ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ ከዚህ እጅግ ያጠረ ጊዜ የተወሰነላቸው ጕዳዮች አሉና። በገዛው ዕቃ ላይ ጕድለት አገኘሁ የሚል ገዢ፣ ጕድለቱን ለሻጩ ካስታወቀ በኋላ ክሱን ማቅረብ ያለበት በ1 ዓመት ውስጥ ነው። በመርከብ ለሚመጣ ዕቃም እ.ኤ.አ. በ1924 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት የወሰነውና በብዙ የመርከብ ጭነት ሰነዶች ላይ ታትሞ የሚገኘው ደንብ፣ ዕቃው ከተረከበበት ወይም መረከብ ከነበረበት ቀን አንሥቶ የ1 ዓመት ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ጕዳቱ በውጭ የማይታይ የሆነ እንደ ሆነም በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ ያሻል። አስመጪ ነጋዴ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች በቢሮው ግድግዳ ላይ ጽፎ ቢሰቅላቸው አይጸጸትም።

ቀን መቍጠር ለእኛ አገር ጸሓፊ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል፤ በሁለት ዘመን አቈጣጠር ስለምንሠራ ነው። አስመጪው ያመጣው ደረሰኝ 03/05/2016 የሚል ብቻ ቢሆን ምን ይባላል? በእኛ አቈጣጠር ከሆነ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከሆነ ግን ሚያዝያ 25 ቀን 2008 ዓ.ም. ይሆናል። በሁለቱ መካከል ከ7 ዓመት ከ8 ወር የሚበልጥ ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ከሆነ የ10 ዓመቱ ይርጋ የሚሞላው በ2026 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሆነ በ2018 ዓ.ም. ነው። ከዚህም በላይ አንዳንድ የውጭ አገር ነጋዴዎች ወርን ከቀን አስቀድመው ስለሚጽፉ፣ ያው ቍጥር የየካቲትን ቀን ሊያመለክትም ይችላል። ስለዚህ ዐዋቂ ጸሓፊ በአኀዝ ብቻ የተጻፈ ቀን ባየች ጊዜ ባለጕዳዩን ጠይቃ፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፋ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ሳትጨምር አታልፍም። ነጋዴውም በየደረሰኙ ላይ ይህንኑ ቢያደርግ፣ የሚያጠፋው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ጳጉሜንም መርሳት አይገባም። ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለ ሆኑ 60 ቀንን «ሁለት ወር» ማለት ልማዳችን ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ይህ ልማድ ያሳስታል። ሐምሌ 20 ቀን ደብዳቤ የደረሰውና በ60 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ በውል የተገደደ ሰው እንውሰድ። ከሐምሌ 10 ቀን፣ ከነሐሴ 30 ቀን፣ ከጳጉሜን 5 ቀን ቢቈጠር 45 ይሆናል፤ የቀረው 15 ቀን መስከረም 15 ላይ ያልቃል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ነው። «ሁለት ወር» ብሎ መስከረም 20 ቀን የመጣ ሰው በ5 ወይም በ6 ቀን ዘግይቷል። ከዚህ የተነሣ ጸሓፊዋ ቀኑን ከቈጠረች በኋላ ሌላ ሰው እንደ ገና እንዲቈጥረው ታደርጋለች፤ የሁለቱም ስም በመዝገቡ ዳር ይጻፋል።

4ኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1772፣ ተዋዋዩ ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር የሚፈልግ ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ኹኔታዎች ሕጉ ራሱ ለይቶ አመልክቷል። ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ጠበቃው ነው፤ መድረሱን የምታረጋግጠው ግን ጸሓፊዋ ናት። በአደራ ደብዳቤ የተላከ ከሆነ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከግልባጩ ጋር ትሰፋዋለች፤ በእጅ የተሰጠ ከሆነ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን በግልባጩ ላይ ታስፈርማለች። «ልከንለት ነበር» የሚል ቃል ብቻ በችሎት ፊት ክብደት የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ የይርጋውን ጊዜ ያቋርጣል ብለው ያምናሉ። ሕጉ በቍጥር 1851 የይርጋ ማቋረጫ አድርጎ የሚቈጥረው ግን፣ ባለዕዳው ዕዳውን ያመነ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ወለዱን ወይም ከዕዳው ከፊሉን በመክፈል ያመነ እንደ ሆነ፣ ወይም ባለገንዘቡ ክስ ያቀረበ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ በምሳሌያችን ባለሱቁ የከፈለው 80,000 ብር፣ ገንዘብነቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ለአስመጪው ማስረጃም ነው፤ ከዚያ ቀን አንሥቶ ይርጋው እንደ አዲስ ይቈጠራልና። ያን ክፍያ የሚያሳየውን የባንክ ወረቀት የጣለ ነጋዴ ይህን ጥቅም አብሮ ጣለ ማለት ነው። ባለዕዳው «ጥቂት ጊዜ ስጠኝ፣ የቀረውን እከፍልሃለሁ» ብሎ የጻፈው አጭር ደብዳቤም እንደዚሁ በጥንቃቄ ይያዝ።

5ኛ፤ ስለ ቀጠሮ

ክሱ ከቀረበ በኋላ ነገሩ ሁሉ በቀጠሮ ይሄዳል፤ መጥሪያ ማድረስ፣ የመከላከያ መልስ መቀበል፣ ክስ መስማት፣ ምስክር ማሰማት፣ ፍርድ መስማት። ጠበቃው ከችሎት ሲመለስ ፍርድ ቤቱ ምን እንዳዘዘ፣ ለየትኛው ቀን እንደ ቀጠረ ለጸሓፊዋ ይነግራታል፤ እርስዋም ሳታሳድር በሁለት ቦታ ትጽፈዋለች፤ አንዱ በቢሮው የቀጠሮ መዝገብ፣ ሁለተኛው በባለጕዳዩ መዝገብ ሽፋን ላይ ነው። ለባለጕዳዩም በጽሑፍ ታስታውቃለች። ከቀጠሮው 15 ቀን፣ 7 ቀንና 1 ቀን አስቀድማ ማስታወሻ ብትሰጥ፣ ምስክር ያልተነገረው ወይም ሰነድ የጐደለው በጊዜ ይታወቃል።

ቀጠሮ ማሳለፍ ምን እንደሚያስከትል ነጋዴው ይወቀው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቍጥር 73 መሠረት፣ ክሱ በሚሰማበት ቀን ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቀርቦ ክሱን የካደ እንደ ሆነ መዝገቡ ይዘጋል፤ ከሳሹም በዚያው ጕዳይ አዲስ ክስ ማቅረብ አይፈቀድለትም። መዝገቡ እንዲከፈትለት የሚፈልግ ከሆነ በ1 ወር ውስጥ የቀረበትን በቂ ምክንያት ማስረዳት አለበት። በሌላው ወገን መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ በሌለበት ይፈረድበታል፤ እርሱም በቍጥር 78 መሠረት ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ማመልከት ይገባዋል። ይግባኝ የሚል ሰው ደግሞ በቍጥር 323 የተሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ጸሓፊ ፍርድ በተነገረበት ቀን የፍርዱን ግልባጭ ለመጠየቅ ማመልከቻ ታዘጋጃለች፤ «በኋላ እናወጣዋለን» አትልም። አስመጪውም ከአገር ውጭ ለዕቃ ግዢ የሚሄድ ከሆነ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ቀን ለጸሓፊዋ ማስታወቅ ይገባዋል፤ በእርሱ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ቀጠሮ በመካከሉ እንዳይውል።

6ኛ፤ ስለ ሰነድ አያያዝ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉትን ሕጉም ይከተለዋል። ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2472 ይደነግጋል። በዛሬ ገበያ 500 ብር ምን ያህል ትንሽ ገንዘብ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል።

ጸሓፊዋ ዋና ሰነድ ስትቀበል ምን እንደ ተቀበለች፣ ከማን፣ በየትኛው ቀን ጽፋ ትፈርማለች፤ ለባለጕዳዩም አንድ ግልባጭ ትሰጠዋለች። ነጋዴው ይህን ካላገኘ ሊጠይቅ መብቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሰነዶቹን በቀናቸው ተራ ደርድራ ቍጥር ትሰጣቸዋለች፤ በክሱ ውስጥ «አባሪ 4» የተባለው በእርግጥ 4ኛው ወረቀት መሆኑን ትመለከታለች። ግልባጩም ለፍርድ ቤቱና ለእያንዳንዱ ተከሳሽ መዳረስ አለበት። ተከሳሾቹ 3 ቢሆኑና አባሪው 40 ገጽ ቢሆን፣ ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለተከሳሾቹ ሦስት፣ ለቢሮው አንድ ተብሎ 200 ገጽ ይሆናል። ከእነዚህ አንድ ገጽ የጐደለ እንደ ሆነ ተከራካሪው «አልደረሰኝም» ብሎ ቀጠሮ ያስለውጣል።

የፌደራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ፣ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ የዕቃ ደረሰኝ፣ የመርከብ ጭነት ሰነድ ወይም ውል ተተርጕሞ መቅረብ አለበት። ጸሓፊዋ ትርጕሙን ከዋናው ጋር ስታመሳክር በተለይ ሦስት ነገር ታያለች፤ ስም፣ ቍጥርና ቀን። በአንዱ ወረቀት «ሙሐመድ» በሌላው «መሐመድ» ተብሎ የተጻፈ ስም ሁለት ሰው ነው የሚያሰኝ ክርክር እንዳያመጣ አስቀድሞ ይታረማል።

ዛሬ ነጋዴ የሚዋዋለው በኢሜይልና በቴሌግራም ጭምር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 ለእንዲህ ያለው መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ መልእክቱን ከስልክ ማጥፋት፣ ስልኩን ለሌላ ሰው መስጠት ወይም የሚጠቅመውን ቃል ብቻ ቈርጦ ማስቀረት አይገባም። ጸሓፊዋ የምትፈልገው ንግግሩ ከነሙሉው፣ ከነላኪው ስልክ ቍጥርና ከነቀኑ ነው።

7ኛ፤ ስለ ምስጢርና ስለ ገንዘብ

የነጋዴ መዝገብ የነጋዴው ገመና ነው። ዕቃውን ከማን እንደሚያመጣ፣ በስንት እንደሚገዛ፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ ሁሉ በዚያ ይገኛል። ተወዳዳሪው ደግሞ በዚያው ቢሮ በእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ጠበቃውን የሚያስረው ምስጢር ጸሓፊዋንም ያስራታል። የባለጕዳይን ስም ጮኻ አትጠራም፤ መዝገብ በጠረጴዛ ላይ ገልጣ አትተውም፤ በስልክ ማንነቱን ላላረጋገጠችው ሰው ስለ ጕዳዩ አትናገርም።

ገንዘብን በሚመለከት የጠበቃው ዋጋና የዳኝነት ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሁለቱም የየራሳቸው ደረሰኝ ይኑር። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የማይቀበል ነጋዴ፣ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አይስጥ።

8ኛ፤ ከነጋዴው ምን ይጠበቃል?

ወደ ጠበቃ ከመሄዱ በፊት ነጋዴው የሚከተሉትን አሰናድቶ ቢሄድ ሥራው ይፈጥናል።
ሀ. የጕዳዩን ታሪክ በአንድ ገጽ፣ በቀን ተራ ተጽፎ፤
ለ. ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የዕቃ ማስረከቢያውንና የክፍያ ወረቀቱን፣ ዋናውንና ግልባጩን ለየብቻ፤
ሐ. የባለዕዳውን ሙሉ ስም፣ የንግድ ስም፣ አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር፤
መ. የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎችና መልእክቶች፣ የሚጠቅሙትንም የሚጐዱትንም፤
ሠ. የምስክሮችን ስምና የሚገኙበትን ስልክ።

የሚጐዳውን ወረቀት የሚደብቅ ሰው ጠበቃውን በባዶ እጁ ወደ ችሎት ይሰድደዋል፤ ያ ወረቀት በተከራካሪው እጅ መኖሩ አይቀርምና።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በድርጅትዎ ካሉት የዱቤ ደረሰኞች፣ በየትኛው ዘመን አቈጣጠር እንደ ተጻፉ ከቶ የማይታወቁ ስንት ናቸው?
2. ገና ካልተከፈሉት ዕዳዎች የመጨረሻው ከፊል ክፍያ የተደረገው መቼ ነው? ማስረጃውስ የት ነው?
3. ከውጭ የመጣ ዕቃ ተጐድቶ ሲገኝ፣ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የሚያስታውቅ ሠራተኛ ማን እንደ ሆነ በስም ተለይቷልን?
4. እርስዎ ከአገር ውጭ በሚሆኑበት ጊዜ መጥሪያ ቢመጣ የሚቀበለውና በዚያው ቀን ለጠበቃ የሚያደርሰው ማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ተቀምጦ የሚመልስ ነጋዴ፣ የጠበቃ ቢሮ ጸሓፊ የምትሠራውን ሥራ ግማሽ በገዛ ቤቱ ፈጸመ ማለት ነው። ክርክር ባይመጣበት ወረቀቱ የተሰናዳ ነጋዴ ሆኖ ይኖራል፤ የመጣበትም እንደ ሆነ ለ400,000 ብሩ የሚቆም ማስረጃ በእጁ አለ።